«ዩኒየን» የሚለው ቃል ከየት መጣ? ከሮማ የሽንኩርት ማሳ እስከ ካዛንቺስ

የዩኒየናችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ በሚዘጋጀው በዚህ መጽሔት ስለ ካፒታል ዕድገት፣ ስለ ግብዓት ሥርጭትና ስለ ትርፍ ክፍፍል የሚጽፉ ባለሙያዎች አሉ። በዚያ በኩል እኔ የምጨምረው የለም። ይልቁንም በማኅተማችን፣ በመኪናችን በርና በመጋዘናችን ግድግዳ ላይ ሁልጊዜ ስለምናየው፣ ነገር ግን ትርጉሙን እምብዛም ስለማንጠይቀው አንድ ቃል ጥቂት ለማለት እወዳለሁ። ቃሉ «ዩኒየን» ነው።

በልማት ጣቢያ የሚሠራ ሰው ገበሬው ሲናገር መስማት ዋናው ሥራው ነው። አባሎቻችን ስለ መሠረታዊ ማኅበራቸው ሲናገሩ «ማኅበራችን» ይላሉ። ስለ ዩኒየኑ ሲናገሩ ግን «ዩኒየኑ ማዳበሪያ አስገባ»፣ «ዩኒየኑ ዋጋ ቀነሰብን» እንጂ «ዩኒየናችን» ሲሉ የሚሰማው በስብሰባ ላይ ብቻ ነው። አንድ አዛውንት አባል «ዩኒየን ማለት ከወረዳው ከፍ ያለ ቢሮ ነው» ብለው ሲያስረዱ ሰምቻለሁ። አይፈረድባቸውም። «ማኅበር» የሚለውን ቃል ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል፤ ጠላውንና ዳቦውን ተሸክመው የሄዱበት ነው። «ዩኒየን» ግን አንድ ቀን በሰሌዳ ተጽፎ የመጣ እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ አገሩ ከየት እንደሆነ ይጠየቃል።

ቃል ከአገር አገር እንዴት እንደሚጓዝ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ምርት ይዞ አዲስ አበባ የገባ ሰው ቂርቆስ ክፍለ ከተማን ሳይረግጥ አይመለስም። በዚህ ክፍለ ከተማ ከሚገኙት ሰፈሮች አንዱ ካዛንቺስ ነው። ስሙ አማርኛ አይደለም፤ ኦሮምኛም አይደለም፤ በጣልያንኛ መዝገበ ቃላት ውስጥም ቢፈለግ አይገኝም። ጣልያኖች በ1924 እ.ኤ.አ. ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት የሚሠራ አንድ ብሔራዊ ድርጅት በአገራቸው አቋቁመው ነበር። የድርጅቱ ረጅም ስም በየቃሉ መጀመሪያ ፊደል ሲያጥር «ኢንቺስ» ይባላል። አዲስ አበባን በያዙበት ጊዜ፣ ማለትም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ለራሳቸው ሹማምንትና ጸሐፊዎች በዚህ አካባቢ ቤቶች ሠሩ። በጣልያንኛ «ካዜ» ማለት ቤቶች ማለት ነው። «ካዜ ኢንቺስ» የኢንቺስ ቤቶች መሆኑ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ሁለቱን ቃላት አጣብቆ «ካዛንቺስ» አላቸው። የወራሪ ቢሮክራሲ ያወጣው አሕጽሮት እንዲህ ሆኖ የሰፈር ስም ሆነ።

ወራሪው በአምስት ዓመት ውስጥ ተባረረ፤ ስሙ ግን ቀረ። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት የካዛንቺስ አብዛኛው ክፍል ፈርሶ ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች የከተማዋ አካባቢዎች ተዛውረዋል። ስሙን በአፋቸው ያቆዩት ሰዎች ከተበተኑ በኋላ ስሙ ብቻውን በቦታው ላይ ምን ያህል ዘመን እንደሚቆይ ወደፊት የሚታይ ነው። ዝቅ ብሎ የሚገኘው ለገሃር ደግሞ ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር»፣ ባቡር ጣቢያ ከሚለው የመጣ ነው። ፒያሳና መርካቶ ጣልያንኛ መሆናቸውን ሁሉም ስለሚያውቅ አልፈዋለሁ።

ለእኛ የሚቀርበው ግን በየቀኑ የምንጠራው «ኩንታል» ነው። በላቲን «ኬንቱም» መቶ ማለት ሲሆን «ኬንቴናሪዩም» መቶ የሆነ ማለት ነው። ሮማውያን በራሳቸው ሚዛን መቶውን በዚህ ስም ጠሩት። የቁስጥንጥንያ ግሪኮች ከእነርሱ ወሰዱት፤ ዐረቦች ከግሪኮች ተቀብለው «ቂንጣር» አሉት። በሜዲትራንያን ባሕር ንግድ አማካይነት ከዐረቦች ተመልሶ ወደ አውሮፓ ገባና በጣልያንኛ «ኩዊንታሌ»፣ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛም ተመሳሳይ ስም ያዘ። በየአገሩ ክብደቱ ይለያይ ነበር፤ በኋላ በሜትሪክ ሥርዓት 100 ኪሎ ግራም ሆኖ ጸና። እንግዲህ ከላቲን መቶ ሆኖ ወጥቶ፣ በግሪክና በዐረብ አገር ዞሮ፣ እኛ ዘንድ መቶ እንደሆነ ደረሰ ማለት ነው። በመጋዘን ሚዛናችን ላይ ግን አንዳንዴ መቶ መሆኑ ያከራክራል። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ቂርቆስ የሚለው ስም ጉዞው ከዚህም የረዘመ ነው። ክፍለ ከተማው ስሙን ያገኘው ከቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቂርቆስ በንጉሥ ዲዮቅልጥያኖስ ዘመን ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር ሰማዕት የሆነ የሦስት ዓመት ሕፃን መሆኑን፣ ሐምሌ 19 ቀንም ከፈላው ውኃ በመልአኩ ገብርኤል የዳኑበት መታሰቢያ መሆኑን ብዙ አንባብያን ያውቃሉ። ስሙ በግሪክኛ «ኪርያኮስ» ከሚለው ጋር የሚያያዝ ሲሆን ትርጉሙ «የጌታ» ማለት ነው፤ «ኪርዮስ» ጌታ ማለት ነውና። በሰሙነ ሕማማት ምእመናን ሲሰግዱ «ኪርያላይሶን» የሚሉት ውስጥ ያለው «ኪርዬ» ይኸው ቃል ነው። የጥንት ግሪክ ክርስቲያኖች የጸሎት ቤታቸውን «ኪርያኮን»፣ የጌታ ቤት፣ ይሉት ነበር። የሰሜን አውሮፓ ሕዝቦች ይህንኑ ወሰዱ፤ ጀርመኖች «ኪርሸ»፣ ስኮትላንዶች «ኪርክ»፣ የጥንት እንግሊዞች «ቺሪቸ» አሉት፤ የኋለኛው ዛሬ «ቸርች» ሆኗል። አንድ ስኮትላንዳዊ አዲስ አበባ መጥቶ የታክሲ ረዳት «ቂርቆስ! ቂርቆስ!» ሲል ቢሰማ የቃሉን ግማሽ ከቤቱ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ተነሣንበት ቃል እንመለስ።

«ዩኒየን» እኛ ዘንድ የደረሰው በእንግሊዝኛ በኩል ነው። እንግሊዞች ከ600 ዓመታት ገደማ በፊት ከፈረንሳይኛ ወሰዱት፤ ፈረንሳዮች ደግሞ «ኡኒዮ» ከሚለው የላቲን ቃል አገኙት። የዚህ ሥር «ኡኑስ» ሲሆን ትርጉሙ አንድ ነው። የእንግሊዝኛው «ዋን» እና የጀርመንኛው «አይን» ከላቲኑ ኡኑስ ጋር የአንድ አያት የልጅ ልጆች ናቸው። የእኛ «አንድ» ከሌላ ቤተሰብ ነው፤ ከግዕዙ «አሐዱ»፣ ከዕብራይስጡ «ኤሐድ» እና ከዐረብኛው «አሐድ» ጋር ይዛመዳል። አሠራሩ ግን ያው ነው። እነርሱ ከኡኑስ ኡኒዮን እንዳወጡ እኛም ከአንድ አንድነትን አውጥተናል።

እስከዚህ ያለው በማንኛውም ጥሩ መዝገበ ቃላት ውስጥ ይገኛል። ለግብርና ሰው የሚጥመው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። በላቲን «ኡኒዮ» አንድነት ብቻ አልነበረም። ትልቅ ነጠላ ሉል፣ ማለትም ከባሕር የሚወጣው ዕንቁ፣ ኡኒዮ ይባል ነበር። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ይህ ስም የተሰጠው ሁለት ፍጹም የሚመሳሰሉ ሉሎች ስለማይገኙ ነው ይላል። ሦስተኛው ትርጉም ግን ሽንኩርት ነው።

ይህን የነገረን ኮሉሜላ የሚባል የግብርና ጸሐፊ ነው። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የኖረ፣ በዛሬዋ እስፔን በካዲዝ የተወለደ፣ የራሱ እርሻ የነበረውና ስለ ግብርና 12 መጻሕፍት የጻፈ ሰው ነው። በመጨረሻው መጽሐፍ ሽንኩርትን በሆምጣጤና በጨው ውኃ አድርጎ ስለማቆየት ሲያስተምር፣ ለዚህ የሚመረጠው ገበሬዎች ኡኒዮ የሚሉት ዓይነት መሆኑን ይጠቅሳል። ምን ዓይነት እንደሆነም ያብራራል፤ ያልቆነጠነጠ፣ በጎኑም ልጆች ያልተለጠፉበት፣ ነጠላ ራስ ያለው ሽንኩርት ነው። ልብ እንበል፤ ቃሉን ያወጡት የሮማ ሊቃውንት ሳይሆኑ ገበሬዎች ናቸው። ኮሉሜላ ሽንኩርቱን የሚጠራበት የተማረ ሰው ቃል ነበረው፤ ሆኖም የገበሬውን ስም እንደሰማው መዝግቦ አቆየው። በሙያችን ይህ ልማድ ቢበዛ መልካም ነበር።

ይህ የሮማ ባላገር ቃል በፈረንሳይ «ኦኞን» ሆነ፤ ከዚያ ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ «አንየን» ተባለ። እንግዲህ በእንግሊዝኛ ሽንኩርትና ዩኒየን በአንድ ማሕፀን የተፀነሱ መንትዮች ናቸው፤ አንዱ በወጥ ቤት በኩል፣ ሌላው በሕግና በቤተ ክህነት በኩል አደገ። ስለዚህ በአዲስ አበባ የቅዳሜና እሑድ ገበያ «የዩኒየን ሽንኩርት» ብለን ስንሸጥ በሥሩ «የሽንኩርት ሽንኩርት» እያልን ነው ቢባል ቀልድ ብቻ አይሆንም።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ልዩነት አለ፤ ሽንኩርት የሚያመርቱ አባላት ወዲያው ይረዱታል። አዳማ ሬድ ወይም ቦምቤ ሬድ የመሰለው ቀይ ሽንኩርት ከዘር በችግኝ መደብ ፈልቶ፣ ከዚያ ተዛውሮ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወፍራም ራስ ይይዛል። ኡኒዮ የሚባለው ይኸኛው ነው። ከእርሱ በፊት የምናውቀው የሐበሻ ሽንኩርት ግን ከራሱ ይተከላል፤ አንድ ራስ መሬት ገብቶ ተከፋፍሎ ብዙ ራስ ሆኖ ይወጣል። ሁሉም የየራሱ ቅርፊት አለው፤ ከታች ግን በአንድ መቀመጫ የተያያዘ ነው። የሐበሻው ሽንኩርት እንግሊዞች «ሻሎት» ከሚሉት ወገን ሲሆን፣ ያ ስም ደግሞ በመጽሐፍ ቅዱስ ከምናውቃት ከአስቀሎና ከተማ ስም የመጣ ነው። ከመቶ ማኅበራት የተሠራ ድርጅት ከሁለቱ የትኛውን ይመስላል ቢባል፣ እንደ እኔ የሐበሻውን ነው። ኡኒዮ አንድ የሆነው ብቻውን ስለሆነ ነው። እኛ አንድ የሆንነው ብዙ ስለሆንን ነው።

ይህ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ጉዳይ በከፍተኛ መድረክ ላይ አገሮችን ያከራከረ ነው። መድረኩም ሩቅ አይደለም፤ እዚያው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ከካዛንቺስ አጠገብ፣ ጣልያናዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ ነድፎት በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ነው። በግንቦት 1955 ዓ.ም. የነጻ አፍሪካ አገሮች መሪዎች በዚያ ተሰብስበው ሲመክሩ የጋናው ፕሬዚዳንት ኳሜ ንክሩማ አፍሪካ ባስቸኳይ በአንድ የኅብረት መንግሥት ሥር እንድትጠቃለል ጠየቁ፤ የእንግሊዝኛው ቃል «ዩኒየን» ነበር። ብዙዎቹ መሪዎች ግን ገና ትናንት ያገኙትን ነጻነት ለሌላ አሳልፈው መስጠት አልፈለጉም። ግንቦት 17 ቀን ስምምነት የተደረገበት ድርጅት ስሙ «ዩኒየን» ሳይሆን «ዩኒቲ» የሚል ሆነ። ሁለቱም ቃላት ከኡኑስ የመጡ ናቸው፤ ግን የመጀመሪያው መያያዝን፣ ሁለተኛው በሐሳብ አንድ መሆንን ያመለክታል። በአማርኛ «የአፍሪካ አንድነት ድርጅት» ተባለ። ከ39 ዓመታት በኋላ፣ በ2002 እ.ኤ.አ.፣ ድርጅቱ ተለውጦ ንክሩማ የጠየቁት ቃል በስሙ ገባ። በአማርኛ «የአፍሪካ ኅብረት» አልነው።

እዚህ ላይ የሚያስገርመው አማርኛው ነው። በእንግሊዝኛ ከዩኒቲ ወደ ዩኒየን መሄድ ማጥበቅ ነበር። በአማርኛ ጆሮ ግን ከአንድነት ወደ ኅብረት መሄድ መፍታት ይመስላል። አንድነት አንድ መሆን ነው፤ ኅብረት ደግሞ የተለያዩ ሆነው አብሮ መቆም ነው። ተርጓሚዎቹ የተሳሳቱ አይመስለኝም። አገሮቹ ድንበራቸውንና ባንዲራቸውን እንደያዙ የተያያዙ ናቸውና ኅብረት የሚለው ልካቸው ነው።

ይኸው «ዩኒየን» በሌላ ቦታ ሌላ ልብስ ለብሷል። የሠራተኛ ዩኒየን «ማኅበር» ተብሏል። ሶቪየት ኅብረትና የአውሮፓ ኅብረት «ኅብረት» ናቸው። ሳይተረጎም እንዳለ የቀረው በእኛ በገበሬዎቹ ዘንድ ነው። ለምን?

እንደ እኔ ግምት ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ቦታው ተይዞ ስለነበር ነው። «ኮኦፐራቲቭ» ራሱ ከላቲን የመጣ ሲሆን «ኮ» አብሮ፣ «ኦፐራሪ» መሥራት ማለት ነው፤ «ኦፑስ» ሥራ ነው። አማርኛው ይህን አካል በአካል አፍርሶ «ኅብረት» እና «ሥራ» ብሎ ሠራው፤ ካየኋቸው ትርጉሞች ሁሉ እንደዚህ ልክክ ያለ የለም። ነገር ግን «ኅብረት» እና «ማኅበር» ሁለቱም ከግዕዙ «ኀብረ»፣ ተባበረ ከሚለው የወጡ ናቸው። ስለዚህ ዩኒየንን «ኅብረት» ብንለው ስማችን «የኅብረት ሥራ ማኅበራት ኅብረት» ሊሆን ነው። በአንድ መስመር አንድ ሥር ሦስት ጊዜ ይመላለሳል። ሕግ አርቃቂዎቹ የውጭውን ቃል እንዳለ ያስቀመጡት ይህ ቢያደናግራቸው ይሆናል።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህንን ግን የሚያስታውሱት ሸምገል ያሉት አባሎቻችን ናቸው። ኅብረት ሥራ በአገራችን ሕግ የገባው በ1960 እ.ኤ.አ. በወጣው የእርሻ ሠራተኞች ኅብረት ሥራ ድንጋጌ ቁጥር 44 ሲሆን፣ በ1966 እ.ኤ.አ. አዋጅ ቁጥር 241 ተከተለው። ያኔ ቃሉ የብዙውን ገበሬ ጆሮ አልነካም። የነካው በደርግ ዘመን ነው። ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት መልባ፣ ወልባና ወላንድ በሚሉ ደረጃዎች እንዲያድጉ ታቀደ። በመልባ መሬት ይቀላቀላል፤ በወልባ በሬውና ሞፈሩም ይጨመራል፤ ወላንድ ደግሞ ብዙ ወልባዎችን የሚያጠቃልል ነበር። በወረቀት ላይ በፈቃደኝነት ነው ይባላል፤ በቀበሌው ግን እንዴት እንደነበር ያለፉበት ያውቁታል። በየካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጅ ገበሬው አዋጁ ደርቆ እስኪታተም አልጠበቀም። በጥቂት ወራት ውስጥ በሬውን ፈትቶ መሬቱን ተከፋፈለ። «ኅብረት ሥራ» ማለት በብዙ ቤት «በሬህን አምጣ» ማለት ሆኖ ቀርቶ ነበር።

በ1991 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 147 ሲወጣና በኋላም በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 985 ሲተካ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት በፈቃደኝነት የሚቋቋሙ፣ አባላቱም በየግል ይዞታቸው ላይ እያረሱ ለግብዓትና ለገበያ የሚተባበሩባቸው ሆኑ። ስሙ ያው፤ ነገሩ ሌላ። «ዩኒየን» የሚለው ቃል በዚህ ዘመን ሲመጣ ቢያንስ የቆየ ቁስል የሌለበት ነበር። ይህ እንደ ጥቅም ሊቆጠር ይችላል። ጉዳቱ ግን ቁስል እንደሌለው ሁሉ ትዝታም የሌለው መሆኑ ነው።

በአዋጁም መሠረት የዩኒየን አባል ገበሬው በግሉ ሳይሆን የገበሬው መሠረታዊ ማኅበር ነው። ገበሬው ወደ ዩኒየኑ ጉባኤ የሚገባው በወከለው ሰው በኩል ነው። ስለዚህ «ዩኒየኑ» እያለ እንደ ሦስተኛ ወገን ሲጠራው ቋንቋው ብቻ ሳይሆን የአደረጃጀቱ መሰላልም ያደርገዋል። ወኪሉ ከጉባኤ ሲመለስ የሰማውን ካልተናገረ መሰላሉ አንድ ደረጃ ጎድሎታል ማለት ነው። የአካባቢያችን የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎችም ይህን በኦዲት ጊዜ ብቻ ሳይሆን በሌላውም ጊዜ ቢያዩት ጥሩ ነው።

ስለ ቃል ከተነሣ አይቀር «ዕጣ»ን ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም። እንግሊዞች «ሼር» የሚሉት ቃል መቁረጥ ከሚል ሥር የመጣ ነው፤ ተቆርሶ የደረሰ ድርሻ ነው። የማረሻ ብረታቸውንም በዚሁ ድምፅ «ሼር» ይሉታል፤ መሬት የሚቆርጥ ስለሆነ ሥሩ አንድ ነው። የእኛ ሕግ ግን «ዕጣ» አለው። ዕጣ ገበሬው የመሬት ድርሻውን፣ የመስኖ ተራውን ሲለይ የኖረበት ቃል ነው። «ሁለት ዕጣ አለኝ» ያለ አባል ምን እንዳለው ያውቃል፤ ማንም አላስረዳውም፤ «የእኔ» ለማለትም አይቸገርም።

በሰሌዳችን ላይ ካሉት ቃላት መካከል «ገበሬ»፣ «ኅብረት»፣ «ሥራ» እና «ማኅበር» ሁሉ አባሉ በቤቱ የሚያውቃቸው ናቸው። ያልተተረጎመው የመጨረሻው ብቻ ነው። የመጋዘናችን ሰሌዳ ፀሐይ ስለመታው በቅርቡ መታደሱ አይቀርም። ጉባኤው ቢስማማ ከ«ዩኒየን» ሥር በትንሹ «የማኅበሮቻችን ኅብረት» የሚል አንድ መስመር ይጨመርበት የሚል ሐሳብ አቀርባለሁ። ሥሩ ይደጋገማል የሚል ካለ ይደጋገም፤ የሰሌዳ ጸሐፊው የሚያስከፍለን የአንድ መስመር ቀለም ነው።